ደቅ ደሴት ላይ ሎጅ ለመሥራት ላሰብከው፦ መጀመሪያ ጀልባውን አስብ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አነበብኩት። ከውጭ የተመለሱት አጎትህ ጣና ሐይቅ ውስጥ ባለው ደቅ ደሴት ላይ ትንሽ ሎጅ ለመሥራት አስበዋል። አንተ ደግሞ ከጎንደር እንዴት እንደሚኬድ፣ ደሴቱ ላይ ሰው ይኖር እንደሆነ፣ ገንዘብ ቢያወጡበት ያዋጣ እንደሆነ ጠይቀሃል። እስካሁን የመለሱልህ ሁሉ ስለ ገዳማቱ ነው የጻፉት። እኔ ስለ መንደሩ ልጻፍልህ።

የጽዋ ማኅበራችን ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ጉዞ ሲወጣ ስንቁንና ጀልባውን የማሰናዳው እኔ ነኝ። ዳጋ ከደቅ አጠገብ ያለ የገዳም ደሴት ነው፤ ሴት አይገባበትም። ወንዶቹ ሊሳለሙ ሲሻገሩ እኛ ሴቶቹ ደቅ ላይ እንቀራለን። አንዳንዴ ውለን እንመለሳለን፣ ነፋስ ካስቸገረ ደግሞ እናድራለን። ስለዚህ ደቅን የማውቀው በጓዳ በኩል ነው። ቡና ያፈሉልን፣ ዳጉሳ እየፈጩ ያጫወቱን ሴቶች ናቸው ያስተዋወቁኝ።

ሰው ይኖርበታል ወይ ላልከው፣ አዎ፣ በደንብ ይኖርበታል። ጣና ላይ 37 ደሴቶች አሉ ይባላል። ብዙዎቹ ትንንሽ ናቸው፤ የገዳም ይዞታ ናቸው፣ ወይም ወፍ ብቻ የሚያርፍባቸው ናቸው። ደቅ ግን ከሁሉም ትልቁ ነው፣ 16 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል። የገበሬ አገር ነው። ትዳር አለ፣ ልጅ አለ፣ በሬ ይጠመዳል፣ ዕቁብና ዕድር አለ። ዳጉሳ፣ በቆሎና ጤፍ ይዘራሉ። በየጓሮው ማንጎ፣ ሎሚ፣ ጌሾ ታያለህ። ከሐይቁ ቀረሶና አምባዛ ያወጣሉ። ዳርቻው ላይ የደንገል ታንኳ ለፀሐይ ተዘርግቶ ይደርቃል። ደንገል ውሃ እየጠጣ ይከብዳልና ካላደረቁት ቶሎ ይበሰብሳል፤ ቢንከባከቡትም ከወራት በላይ አያገለግልም።

ይህን ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። ከጀልባ ላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው ደሴቱ ጸጥ ያለ ባዶ አረንጓዴ ይመስላል። ወርደህ ስትሄድ ግን ባለቤት የሌለው ጥግ አታገኝም። ማሳ ያልሆነው የግጦሽ መሬት ነው፤ ግጦሽ ያልሆነው የቤተ ክርስቲያን ደን ነው። ወጣት ወንዶች መሬት አጥተው ወደ ባሕር ዳር ለቀን ሥራ ይሻገራሉ። እናቶቻቸው ይህን ሲያወሩ ሰምቻለሁ፤ ልብ ይነካል።

ለእኛ ለጎንደሮች ደግሞ ደቅና ዳጋ ባዕድ አይደሉም። በ1628 ዓ.ም. ገደማ ከተማችንን የቆረቆሩት ዓፄ ፋሲል አፅማቸው ያረፈው ዳጋ እስጢፋኖስ ነው። ዓፄ ይኩኖ አምላክ፣ ዓፄ ዳዊት፣ ዓፄ ዘርዓ ያዕቆብና ዓፄ ዘድንግልም እዚያው ናቸው። ከደቅ ጋር የተጠጋችው የናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የእቴጌ ምንትዋብ ሥራ ናት። ጎንደር ያለውን ቁስቋምን ያሠሩት እቴጌ ማለቴ ነው፤ ዘመኑ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር 18ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የድንጋይ አጥሯን ስታይ የፋሲል ግቢ ግንበኞች እጅ ትዝ ይልሃል። ውስጧ ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሞላ ነው። እቴጌይቱ ራሳቸው ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ናርጋ ሴቶችም እንገባለን። እኔ እዚያ ሥዕል ፊት ስቆም ሁሌም አንድ ነገር ይሰማኛል። ቁስቋም ላይ ፈርሶ የምናየው ነገር እዚህ በሕይወት አለ። ጎንደር ተወልዶ ናርጋን ሳያይ የኖረ ሰው ብዙ ነው፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ መንገዱ። ከጎንደር ሁለት ምርጫ አለህ። አንዱ በአዘዞ፣ በቆላድባና በጭዋሂት አድርጎ ጎርጎራ መውረድ ነው፤ ከ70 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ሌላው ወደ ባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ያህል በአስፋልት መሄድ ነው። ደቅ ከሐይቁ መሀል ወደ ደቡብ ምዕራብ ያዘነበለ ነው፤ ስለዚህ ከጎርጎራም ከባሕር ዳርም በውሃ ላይ ያለው ርቀት ያን ያህል አይለያይም። በሞተር ጀልባ ሦስት ሰዓት ገደማ ያዝ። ልዩነቱ የጀልባ ብዛት ነው። ባሕር ዳር አማራጭ አለ፤ ዋጋ መከራከር ትችላለህ። ጎርጎራ ላይ ጀልባውን ብቻህን ነው የምትኮናተረው፤ የመልስ ነዳጁም ባንተ ነው። ስለዚህ ከጎርጎራ የምትነሳ ከሆነ ሰው አሰባስብ። ከባሕር ዳር ጎርጎራ የሚመላለሰው የሕዝብ መርከብ በልማድ በሳምንት አንዴ ነው የሚጓዘው፤ ደቅና ቁንዝላን እየነካ ያልፋል። ግን ቀኑ ይቀያየራል፤ ሳትደውል እንዳትነሳ።

መነሻህ ማለዳ ይሁን። ጣና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳበታል፤ ትንሽ ጀልባን የሚያንገላታው ያኔ ነው። የሕይወት አድን ጃኬት የሌለው ጀልባ ላይ አትውጣ። ባለ ጀልባው “ለምጄዋለሁ” ቢልህም አትውጣ። እኔ በዚህ ጉዳይ ከማኅበሩ ሽማግሌዎች ጋር ሳይቀር ተጣልቻለሁ፤ አሁንም እጣላለሁ። ግንቦትና ሰኔ ላይ ውሃው ሲጎድል ጀልባ ዳር አይደርስም፤ በእግር ገብተህ ትወርዳለህ። በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ፣ በእኛ በደንቢያና በጎንደር ዙሪያ በኩል፣ እምቦጭ የተባለው የውሃ አረም ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ያስቸግራል። ሞተሩን ጠልፎ የሚያቆምበት ቀን አለ።

ስለ ጸጥታውም ዝም አልልም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ክልላችን ያለበትን ታውቃለህ። መንገድ የሚዘጋበት ቀን አለ። ጉዞህን ከመቁረጥህ በፊት ከመንገዱም ከጀልባውም በኩል በየዕለቱ የሚመላለስ ሰው ጠይቅ። “ይቆይ” ከተባልክ ይቆይ። ናርጋ የትም አትሄድም።

ማደሪያን በተመለከተ፣ ሆቴል ጠብቀህ አትሂድ። እኛ ሰው ቤት ነው የምናድረው። ከቤተ ክርስቲያኑ አለቃና ከቀበሌው ፈቃድ ይጠየቃል፤ ከዚያ የሚቀበል አይጠፋም። አጎበር ያዝ፣ ወባ አለ። ውሃው ቢያምርህም ዳርቻው ላይ አትዋኝ፣ ብልሃርዝያ አለበት። የሚጠጣ ውሃ ወይ ይዘህ ሂድ ወይ አፍልተህ ጠጣ። ነጠላ አትርሳ። ፎቶ ከማንሳትህ በፊት ጠይቅ፤ በተለይ ሴቶች ልብስ ሲያጥቡ በጀልባ እየተጠጉ የሚያነሱ ጎብኚዎች በጣም ያስከፏቸዋል። ቀን መምረጥ ከቻልክ የሥላሴን ንግሥ፣ ጥር 7ን ያዝ። ክረምቱን ከደፈርክ ሐምሌ 7ም አለ። መስከረም 29 ደግሞ የቅድስት አርሴማ በዓል ነው፤ ደሴቱ ላይ ቤተ ክርስቲያኗ አለች፣ ብዙ ሰው ይሳለማታል።

አብዛኛው ጎብኚ ግን ናርጋን አይቶ በግማሽ ሰዓት ይመለሳል። መንደሩን አያየውም። ደቅ ላይ የሚያምረው ከብቱ ሲገባ፣ ጭሱ ከየቤቱ ሲወጣ፣ አባወራው ስለ ሐይቁ ሲያወራ ነው። ለዚያ ማደር ያስፈልጋል። በዚህ አጎትህ ያሰቡት ሐሳብ መሠረት አለው። የማልስማማው ገንዘቡ መጀመሪያ የት ይግባ በሚለው ላይ ነው።

ስለ መሬቱ ልንገርህ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። የደቅ ገበሬ ያለው የመጠቀም መብት ነው፤ የክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009 ይህን በዝርዝር ያስቀምጣል። ስለዚህ “የሐይቅ ዳር ቦታ አለኝ፣ ልሽጥልህ” የሚል ደላላ ከመጣ በሩን ዝጉበት። የእኔን የአክስት ልጅ ከደሴቱ ማዶ በአንድ የሐይቅ ዳርቻ እንዲህ ባለ ወረቀት አታልለው ገንዘቡን በልተውበታል። ሁለተኛ፣ ጣና ከሰኔ 2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ሥፍራ፣ ማለትም ተፈጥሮው የሚጠበቅ ቦታ ነው። የትም ተነስቶ መሠረት መቆፈር የለም፤ የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት ትጠየቃለህ። ሦስተኛ፣ ደቅ በአስተዳደር ወደ ባሕር ዳር በኩል ነው እንጂ ወደ ጎንደር አይደለም። ጎንደር ያለ ቢሮ ደጅ በመጥናት ጊዜያችሁን አትጨርሱ።

ሕጉ ቢያልቅም ስሌቱ ይቀራል። እንግዳ ደቅ የሚመጣው ከመስከረም እስከ ጥር ነው፤ ሌላው በንግሥ ቀን ነው። የንግሥ ሰው ደግሞ ስንቁን ይዞ መጥቶ ቅጥሩ ውስጥ ያድራል፤ ሎጅ አይከራይም። ክረምት ላይ ማንም የለም። መንገድ ሲዘጋ ማንም የለም። ሲሚንቶው፣ ቆርቆሮው፣ አልጋው ሁሉ በውሃ ነው የሚሻገረው፤ ወጪው ከየብስ ጋር አይወዳደርም። በዚያ ላይ ምቾት የሚፈልግ እንግዳ በገበታ ለሀገር የተሠራው የጎርጎራ ማረፊያ አለለት።

ደቅ ላይ ዓመቱን ሙሉ የሚፈለገው መሻገሪያ ነው። ይህን የምለው ከእነዚያ ሴቶች ሰምቼ ነው። ማንጎ ሲደርስ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይደርሳል። ጀልባ በሰዓቱ ካልመጣ ከዛፍ ሥር ይበሰብሳል። ሲመጣም ነጋዴው የፈለገውን ዋጋ ይጠራል፤ ሻጩ መልሶ የሚሄድበት ገበያ ስለሌለው እሺ ይላል። ከዚያ በጆንያ ታጭቆ፣ ሰው ተቀምጦበት፣ ግማሹ ተጨፍልቆ ባሕር ዳር ይደርሳል። የምታሳድረን እናት ጓሮዋ ውስጥ የወደቀውን ማንጎ ለከብት ስትሰጥ አይቻለሁ። እኛ ጎንደር ላይ ያንን ማንጎ በኪሎ ስንገዛ የምንከፍለውን ስነግራት ዝም አለች።

ከማንጎው የሚብሰው ምጥ ነው። ሐኪም ያልቻለው ወሊድ ሲሆን ሆስፒታሉ ያለው ከውሃው ማዶ ነው። ሌሊት ከሆነ፣ ነፋስ ካለ፣ ሞተር የሚነሳበት ነዳጅ ከሌለ ምን እንደሚሆን ሴቶቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚያወሩት። እያንዳንዷ የምታስታውሰው ስም አላት።

ስለዚህ አጎትህን ብሆን የሎጁን ገንዘብ ለሁለት እከፍለዋለሁ። አብዛኛውን ለአንድ ጥሩ የጭነትና የሰው ጀልባ አውለዋለሁ። ቀኑ የታወቀ ይሁን፤ ሰው “ማክሰኞ ይመጣል” ብሎ ማንጎውን የሚለቅምበት ይሁን። ለፍራፍሬው ሣጥን ይኑረው። ለድንገተኛ ሕመምተኛ የማይነካ ነዳጅ ሁሌ ይቀመጥ። ፈቃዱንና ምርመራውን ያሟላ። ከደሴቱ ሰዎች ጋር በማኅበር ቢያዝ ደግሞ ይሻላል፤ የራሳቸው ድርሻ ያለበትን ጀልባ ይጠብቁታል። ይህ ጀልባ ቱሪስት ኖረም አልኖረም ይሠራል።

የቀረውን ትንሽ ገንዘብ እንግዳ ለሚቀበሉ ቤቶች አውለው። አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም። በነባሩ ግቢ አንድ ንጹሕ ክፍል፣ ጥሩ ፍራሽ፣ አጎበር፣ መጸዳጃ ቤት፣ በፀሐይ የሚበራ መብራት ይበቃል። መሬቱ ከገበሬው አይወጣም፤ የአዳሩ ገንዘብ ለእናትየዋ ይገባል። እንግዳውም የመጣበትን ነገር ያገኛል። ማንጎውን ቆርጦ ማድረቅም ቢታሰብበት ጥሩ ነው፤ የደረቀ ነገር ጀልባ ቢዘገይም አይበሰብስም። ግን እሱን ከጀልባው በኋላ አስቡት።

አጎትህ ከመወሰናቸው በፊት ራሳቸው ይሂዱ። በንግሥ ቀን አይሂዱ፤ በዓል ላይ ሁሉም አገር ያምራል። በተራ የሥራ ቀን ሄደው ይደሩ። ከካህናቱ፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር ይቀመጡ፤ ሴቶቹንም ለብቻ የሚያነጋግር ሰው፣ ለምሳሌ ባለቤታቸውን፣ ይዘው ይሂዱ። ወንዶቹ ስለ መሬትና ስለ ዓሣ ይነግሯቸዋል፤ ስለ ምጡና ስለ ማንጎው የሚናገሩት ሴቶቹ ናቸው። አንድ ነገር ደግሞ ሳይጠይቁ እንዳይመለሱ፦ ሞተር ሲበላሽ የሚጠግነው ማነው? መልሱ “ከባሕር ዳር ይመጣል” ከሆነ፣ ጀልባ ከመግዛታቸው በፊት አንድ የደቅ ወጣት የሞተር ጥገና እንዲማር ይላኩ።