ጠበል ስጠመቅ የቲቢ መድኃኒቴን ልተው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ቤቴ ሰንዳፋ ነው፤ አሁን ግን እንጦጦ ማርያም ሱባኤ ይዤ፣ ከሌሎች ጠበልተኞች ጋር ቤት ተከራይቼ ተቀምጫለሁ። የቲቢ መድኃኒት ከጀመርኩ ሁለት ወር ሊሞላኝ ነበር። «ጠበልና ክኒን አይቀላቀልም» ስላሉኝ ከሳምንት በላይ አቁሜዋለሁ። ቀልቶ የነበረው ሽንቴም አሁን ጠርቷል፤ ጠበሉ በሽታውን አውጥቶልሽ ነው አሉኝ። የጤና ጣቢያችን ሲስተር ግን ደውላ «ካቋረጥሽ ጀርሙ ይላመዳል፣ የተፈጥሮ ምርጫ ነው» አለችኝ። 12ኛ ክፍል የሚማረው ልጄ ደግሞ ይህማ ዝግመተ ለውጥ ነው ይላል። ይህን ተቀብዬ መድኃኒት ብውጥ እምነቴን መካድ አይሆንብኝም?

መልስ፦ እኅታችን፣ ከሚያስቸኩለው ልጀምር። ነገ ጠዋት ካርድሽ ወዳለበት ጤና ጣቢያ ሂጂና ስንት ቀን እንዳቋረጥሽ ሳትደብቂ ንገሪያቸው። በራስሽ ፈቃድ ካቆምሽበት አትቀጥዪ፤ ያመለጠሽን ለማካካስም ደርበሽ አትዋጪ። አክታ ይወስዱ ይሆናል፤ ጂን ኤክስፐርት የሚባለው መሣሪያ ጀርሙ ከቲቢ መድኃኒቶች አንዱ የሆነውን ሪፋምፒሲንን ይቋቋም እንደሆነ በሁለት ሰዓት ገደማ ይለያል። ይቀጥል ወይስ እንደ አዲስ ይጀመር የሚለው የእነርሱ ውሳኔ ነው።

ሽንትሽን ያቀላው ራሱ ሪፋምፒሲን ነው፤ ላብንና እንባንም ሳይቀር ያቀላል። የጠራውም መድኃኒቱ ከሰውነትሽ ስለወጣ ነው። የጠበልን ኃይል በሽንት ቀለም መለካት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም፤ እንዲህ የሚሉሽን በትሕትና እለፊያቸው።

ሲስተሯ ያለችሽ እውነት ነው። ብዙ ሰው ግን ጀርሙ መድኃኒቱን ቀምሶ የሚጎብዝ ይመስለዋል። ቲቢ ሳንባ ላይ የሚቦረቡረው አንድ ጉድጓድ ከ10 ሚሊዮን እስከ 1 ቢሊዮን ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል። እያንዳንዱ በ20 ሰዓት ገደማ ለሁለት ይከፈላል፤ ሲከፈል ዘረ መሉን ይገለብጣል፤ ሲገለብጥም ቁም ጸሐፊ ብራና ላይ ፊደል እንደሚስት አልፎ አልፎ ይስታል። አብዛኛው ስሕተት ለባክቴሪያው አይረባም። ሆኖም ከሚሊዮን አንዱ ገደማ አይሶኒያዚድ የተባለው ሌላው የቲቢ መድኃኒት የማይገድለው፣ ከ100 ሚሊዮን አንዱ ገደማ ደግሞ ሪፋምፒሲን የማይገድለው ሆኖ ይወጣል። እነዚህ አንዲት ክኒን ሳትዋጥ በፊትም አሉ። ሉሪያና ዴልብሩክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1943 በሌላ ባክቴሪያ ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ ለውጡ ከፈተናው ቀድሞ እንደሚገኝ አሳይተዋል።

መድኃኒቱ ሲመጣ የሚያደርገው መለየት ነው። የማይቋቋሙት ያልቃሉ፤ የሚቋቋመው ይተርፍና ዘሩም እንደ እርሱ የሚቋቋም ሆኖ ይበዛል። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ስትሬፕቶማይሲን የተባለው የቲቢ መድኃኒት ብቻውን ይሰጥ በነበረ ጊዜ ሕሙማኑ ለጥቂት ወራት ይሻላቸውና፣ ብዙዎቹ መድኃኒቱ በማይነካው ጀርም ተመልሰው ይወድቁ ነበር። አሁን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አራት መድኃኒት፣ በቀጣዮቹ አራት ወራት ሁለት መድኃኒት የሚሰጠው ለዚህ ነው። አይሶኒያዚድንም ሪፋምፒሲንንም በአንዴ የሚቋቋም ባክቴሪያ በስሌት ከ100 ትሪሊዮን አንድ ነው፤ ያን ያህል ባክቴሪያ በአንድ ሳንባ ውስጥ አይኖርም።

ይህን አጥር የምታፈርሰው አቋራጯ ናት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙው ጀርም ስለሚሞት ሳሉ ይቀንሳል፣ ምግብ ይበላል፣ ሰውነት ይመለሳል። ቀስ ብለው የሚኖሩት፣ ያደፈጡት ግን ገና አሉ። ስታቆሚ ይባዛሉ፤ በመባዛታቸውም አዲስ የግልበጣ ስሕተት ይመጣል። ደግሞ ጀምረሽ ደግሞ ስታቆሚ፣ በየዙሩ የሚቋቋሙት ድርሻ ከፍ እያለ ይሄዳል። አንዱም ባክቴሪያ በሕይወቱ ሳለ ጠባዩን አልለወጠም፤ የተለወጠው በመካከላቸው ያለው ድርሻ ነው። ሲስተሯ «የተፈጥሮ ምርጫ» ያለችው፣ ልጅሽም በባዮሎጂ «ዝግመተ ለውጥ» ብሎ የሚማረው ይኸው ነው። በማሳም እንዲሁ ይሆናል። ዲጋሉ የተባለውን የስንዴ ዝርያ የሰንዳፋ ገበሬ ያውቀው ይሆናል፤ ዋግ የሚባለውን የሰብል በሽታ ይቋቋማል ተብሎ በሰፊው ከተዘራ በኋላ፣ በ2006 ዓ.ም. መኸር እርሱን የሚያጠቃ የግንድ ዋግ ዘር ተነሥቶ ባሌ ላይ ማሳውን አጠፋው።

ወደ እምነቱ ስንመጣ፣ በጀርምና በዋግ ላይ በዓይን የታየውን ይህን ነገር መቀበል ከጸሎተ ሃይማኖት አንዲት ቃል አያስቀንስም። ሰው በእግዚአብሔር አርአያ ተፈጠረ የሚለው ትምህርታችን የጸና ነው። ሳይንሱ ከዚህ አልፎ ስለ ፍጥረት ሁሉ የጋራ ዘር ይናገራል፤ እርሱ ራሱን የቻለ ሰፊ ጉባኤ ይፈልጋል። ክኒኑን ለመዋጥ ያን መጨረስ አይጠበቅብሽም። ልጅሽም ትምህርቱን በሚገባ ይማር፤ «ዝግመተ ለውጥ» የሚለውን ስም ፈርቶ የታየውን መካድ መንፈሳዊነት አይደለም።

ንጉሡ ሕዝቅያስ ታሞ ሲያለቅስ እግዚአብሔር እፈውስሃለሁ ብሎት ሳለ፣ ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ አስደርጎለታል (2ኛ ነገ. 20፥7)። ሲራክም መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው፣ ብልህ ሰውም አይንቀውም ይላል (38፥4)። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጠበሉ ጋር እንዲወስዱ መክረዋል።

ስለዚህ ሱባኤሽን አታፍርሺ፤ መድኃኒቱን ከእርሱ ጋር አስማሚው። ሪፋምፒሲን ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት ወይም ሁለት ሰዓት በኋላ በባዶ ሆድ ቢወሰድ ይመረጣል፤ ለጾመኛ ይህ አይከብድም። አስቸጋሪው ማስመለሱ ነው። ብዙ ጠበል ጠጥተሽ የሚያስመልስሽ ከሆነ ክኒኑ አብሮ ይወጣልና፣ ማስመለሱ አብቅቶ ሆድሽ ሲረጋጋ ዋጪው። በጠበሉ ብትውጪውም ነውር የለበትም። ከዋጥሽ በኋላ ካስመለሰሽ ለሲስተሯ ንገሪያት። ዓይንሽ ቢጫ ከሆነ ሳትውዪ ሳታድሪ ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ ጉበት ተነክቶ ሊሆን ይችላል። የሰውነት ድካም ካለብሽ ስለ ጾሙ የንስሐ አባትሽን አማክሪ።

የምታድሩበት ቤት መስኮቱ ይከፈት፣ ስታስዪም አፍሽን በነጠላሽ ሸፍኚ፤ አብረውሽ የሚያድሩት፣ በተለይ ሕፃናት ካሉ፣ ይመርመሩ። ለመቁረብ ስትዘጋጂ ደግሞ ከ18 ሰዓቱ ጾም በፊት የዕለቱን መድኃኒት ውሰጂ፤ የማግሥቱን ከቅዳሴ በኋላ፣ ቆርበሽ ጠበል ከጠጣሽ በኋላ፣ እህል ሳትቀምሺ ዋጪው።