«ተፈጸመ» ወይስ «ተፈጽሟል»?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። በዮሐንስ 19፥30 ላይ ያለው «ተፈጸመ» በግሪክኛ «ቴቴሌስታይ» ነው። ሰባኪያችን ይህን ቃል የጥንት ነጋዴዎች ደረሰኝ ላይ ይጽፉት ነበር፣ ትርጉሙም «ዕዳው ሙሉ በሙሉ ተከፍሏል» ነው አሉን። እውነት ነው?
(አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ይህን ደረሰኝ እኔም ወጣት ሳለሁ አስተምሬበታለሁ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ወሬው የመጣው ከግብፅ ነው። በፋዩም በተገኙ የፓፒረስ የቀረጥ ደረሰኞች ላይ «ቴቴል» ተብሎ ባጭሩ የተጻፈ ቃል አለ። ሰው «ቴቴሌስታይ» ብሎ ሞላው። ሙሉው ግን «ቴቴሎኔታይ» ነው፤ «ቀረጡ ተከፍሏል»። ሌላ ግስ ነው፣ ቀራጩ ማቴዎስ ለተጠራበት «ቴሎኔስ» ዘመድ።

ሰባኪዎም ቢሆኑ ዝም ብለው አልፈጠሩትም። የ«ቴቴሌስታይ» መነሻ ግስ «ቴሌኦ» ግብር መክፈልም ይሆናል፤ ሮሜ 13፥6 ላይ እንደዚያ ነው። ዮሐንስ 19 ላይ ግን ከቁጥር 30 ሁለት ቁጥር ወደ ኋላ ይመለሱ፦ «አሁን ሁሉ እንደ ተፈጸመ አውቆ» ይላል። ግሪክኛው ያው «ቴቴሌስታይ» ነው። የተፈጸመው «ሁሉ» ነው። ዕዳ የሚል የለም።

እኔን የሚገርመኝ ሰዋስዉ ነው። መነሻው ላይ «ቴ» ተደግሟል። ግሪኮች እንዲህ ሲደግሙ ድርጊቱ አልቋል፣ ውጤቱ ግን አሁንም አለ ማለታቸው ነው። (የእኛ «ተፈጸመ» ላይ ያለው «ተ» ሌላ ነው፤ ተማሪዎቼ ሁልጊዜ ያምታቱታል።) እኛ ይህን የምንለው ግሱ መጨረሻ ላይ በሚገባው «አል» ነው። «ትናንት ቡና አፈላን» ወሬ ነው። «ቡና ፈልቷል» ሲባል ግን ጎረቤት ጫማውን ይፈልጋል።

እዚያው ምዕራፍ ቁጥር 22 ላይ ጲላጦስ «የጻፍሁትን ጽፌአለሁ» ይላል። «ጽፌአለሁ» በግሪክኛ «ጌግራፋ» ነው፣ ያው ፊደል የሚደግመው ዓይነት። ታዲያ ስምንት ቁጥር ወረድ ብሎ ለምን «ተፈጽሟል» አልተባለም?

በእኔ ጆሮ «ተፈጽሟል» የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይመስላል፤ «ጉዳይዎ ተፈጽሟል» እንደሚባለው። ደግሞም አማርኛ አንድ ነገር ገና እንደሆነ ሲያበስር «አል»ን ይተዋል። ከምጥ ክፍል በር ላይ «ወለደች!» ተብሎ ይጮኻል እንጂ «ወልዳለች» አይባልም። ስለዚህ እኔ «ተፈጸመ»ን አልነካውም። እርስዎ ለሌላ ሰው ሲያስረዱ ግን ደረሰኙን ትተው የቡናውን ምሳሌ ይንገሩት።