የፋትስ ዶሚኖ ቀኝ እጅ

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን ኪቦርድ ስጫወትና ዘፈን ሳቀናብር ነው የጨረስኩት። ሰሞኑን አንድ ወጣት አቀናባሪ ቤቴ መጥቶ «ጋሼ፣ ማንም ያልሰማው ነገር መሥራት ስለምፈልግ የድሮ ዘፈን መስማት አቁሜያለሁ» አለኝ። ያን ዕለት ሻይ ጋብዤው ሸኘሁት። መልሱን ዛሬ ልጻፍለት፤ እናንተም አንብቡት።

«ብሉቤሪ ሂል» የሚባለው ዘፈን ሲነሳ ብዙዎቻችሁ አሜሪካዊውን ፒያኖ ተጫዋችና ዘፋኝ ፋትስ ዶሚኖን ታስባላችሁ። እሱ እ.ኤ.አ. በ1956 ሲዘፍነው ግን ዘፈኑ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር። በ1940 የግሌን ሚለር ኦርኬስትራ በአሜሪካ ሬዲዮ አስወድዶታል፤ በ1949 ሉዊ አርምስትሮንግ በሸክላ አስቀርጾታል። ወላጆች ተቃቅፈው የሚደንሱበት ለስላሳ ዘፈን ነው። የዶሚኖ አቀናባሪ ዴቭ ባርቶሎሚው ሳይቀር ይቅርብን ብሎ ተከራክሮ ነበር። ዶሚኖ ደግሞ ስቱዲዮ ገብቶ ግጥሙን እየረሳ አንዴም ከዳር እስከ ዳር መዝለቅ አቃተው፤ የድምፅ መሐንዲሱ ነው ቴፕ እየቆረጠና እየቀጠለ ያዳነው። ስትሰሙት ግን በአንድ ትንፋሽ የተዘፈነ ይመስላል።

ታዲያ ምን ጨመረበት? ከዜማው እምብዛም አልራቀም። ፒያኖው ላይ ያለውን ቀኝ እጁን አድምጡት፤ በእያንዳንዱ ምት ኮርዱን (አንድ ላይ የሚመቱትን ድምፆች) ሦስት ሦስት ጊዜ ይመታል። ዘፈኑን ከወላጆች ሳሎን አውጥቶ ለልጆቹ ያስረከበው ይህ የከተማው የኒው ኦርሊንስ የፒያኖ አመታት ስልት ነው። ቀላል የመሰለው ካለ አምስት ደቂቃ ሳያቋርጥ ይሞክረውና ክንዱን ይጠይቅ።

ኤልቪስ ፕሪስሊም በ1954 ሜምፊስ ውስጥ ተመሳሳይ ነገር አድርጓል። የገጠር ሙዚቃ ዘፋኙ የቢል ሞንሮ «ብሉ ሙን ኦፍ ኬንታኪ» አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እየተባለ የሚቆጠር ዝግ ያለ ዋልዝ ነበር። ኤልቪስ ወደ አራት ምት አዙሮ አስጋለበው። እኔን ደስ የሚለኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ሞንሮ በዚያው ዓመት ዘፈኑን ራሱ እንደገና አስቀረጸው፤ በዋልዝ ይጀምርና ወደ ወጣቱ ኤልቪስ ፍጥነት ይሻገራል። ጊታር ተጫዋቹና ዘፋኙ ቸክ ቤሪም የቆየችውን የገጠር ዘፈን «አይዳ ሬድ»ን ይዞ ቺካጎ ሄደ፤ በ1955 መኪናና እሽቅድምድም ተጨምሮባት «ሜይቤሊን» ተብላ ወጣች።

የሚከነክነኝ ሌላ ነው። በዚያው የኤልቪስ ሸክላ ሌላኛው ገጽ ላይ ያለው «ዛትስ ኦል ራይት» የብሉዝ ዘፋኙ የአርተር ክሩደፕ ዘፈን ነው፤ በ1946 ያስቀረጸው እሱ ነው። የሚገባውን የደራሲነት ክፍያ ሳያገኝ በ1974 ሞተ። ይህን የማነሳው አሜሪካኖችን ለመውቀስ አይደለም። እኔም በጉብዝናዬ የአንድ አዛውንት ማሲንቆ ተጫዋች ዜማ ወስጄ፣ የካሴቱ ሽፋን ላይ «ዜማ፦ የሕዝብ» አስብዬ አሳትሜያለሁ። ስማቸውን አውቅ ነበር፤ ቤታቸውንም አውቅ ነበር።

እና አንተ ልጅ፣ ከአባትህ ካሴቶች አንዱን አንሣ። አንድ ዘፈን ምረጥና መሸጋገሪያው ሳይቀር እንዳለ ተጫወተው፤ ሳታስበው ጣትህ እስኪሄድ ድረስ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ለውጥ፤ ምቱን ብትለውጥ እመርጣለሁ። የደራሲውን ስም ከአሁኑ ወረቀት ላይ አስፍር፤ በኋላ ይረሳል፣ ወይም እንደ እኔ የተረሳ ያስመስሉታል። ማክሰኞ ከሰዓት ቤት ነኝ። ኪቦርዴ አንድ ሁለት ቁልፍ ይነክሳል እንጂ ይሠራል።