ጥፍሬ ቁልቁለት ላይ ጠቆረ፤ ለእንጦጦ ምን ዓይነት ጫማ ልግዛ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ዕድሜዬ 34 ነው። በሳምንት አራት ቀን እሮጣለሁ፤ ሦስቱን ቀን አስፋልት ላይ፣ ቅዳሜ ደግሞ ከሽሮ ሜዳ ተነስቼ እንጦጦ ደርሼ እመለሳለሁ፣ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሁለቱም አውራ ጣቶቼ ጥፍር ጠቁሯል፣ ትንሿ ጣቴም ውሃ መቋጠር አልተወችም። እግሬ ከፊት በኩል ሰፊ ነው፣ ውስጥ እግሬ ደግሞ ጠፍጣፋ። የማደርገው 42 ቁጥር ነው። ሻጩ «ለጠፍጣፋ እግር ጎኑ ድጋፍ ያለው ጠንካራ ጫማ ነው የሚያስፈልግህ» አለኝ፤ ጓደኞቼ ቁጥር ጨምር ይሉኛል። የተራራ ሩጫ ጫማ ዋጋው ቀላል አይደለምና ማንን ልስማ?
(ጠያቂ ከሽሮ ሜዳ)

መልስ፦ ወደ እውነቱ የሚቀርቡት ጓደኞችዎ ናቸው። ቢሆንም ቁጥር ከመጨመርዎ በፊት ጥፍሩ ለምን እንደጠቆረ ይወቁ። ዳገት ሲወጡ እግርዎ ወደ ተረከዙ ስለሚያርፍ ጣቶችዎ ነፃ ናቸው። ሲወርዱ ግን በየእርምጃው ጫማው ውስጥ ወደ ፊት እየተንሸራተተ አውራ ጣትዎ የጫማውን አፍንጫ ይመታል። ከእንጦጦ እስከ ሽሮ ሜዳ ይህ ሺህ ጊዜ ሲደጋገም ጥፍሩ ከሥጋው ትንሽ ይነሳል፣ ከሥሩም ደም ይቋጥራል። ጫማው አጥሮ ሊሆን ይችላል። ልኩ ደህና ሆኖ ማሰሪያው እግርዎን ሳይዘው ቀርቶም ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ ጥፋቱ የረዘመ ጥፍር ብቻ ነው፤ እሱ በጥፍር መቁረጫ ያልቃል። ቀጥ አድርገው ይቁረጡት እንጂ ጥግ ጥጉን አይቆፍሩ።

ልኩን ቤትዎ ያረጋግጡ። ማታ፣ እግር ቀኑን ሙሉ ቆሞ ትንሽ ካበጠ በኋላ፣ ወረቀት መሬት ላይ አንጥፈው ተረከዝዎን ግድግዳ አስነክተው ይቁሙ፤ ክብደትዎ እግሩ ላይ ይረፍ። ሌላ ሰው እስክሪብቶውን ቀጥ አድርጎ ይዞ ዙሪያውን ያስምርልዎ። ሁለቱንም እግር ይለኩ፣ ብዙ ሰው አንዱ እግሩ ይበልጣልና ጫማ የሚገዛው ለትልቁ ነው። ርዝመቱ የሚለካው እስከ ረጅሟ ጣት ጫፍ ነው፤ ሁለተኛዋ ጣት ከአውራ ጣት የምትበልጥባቸው ሰዎች ይህን ረስተው ነው የሚጎዱት። ከዚያ የጫማውን ሶሌታ አውጥተው ሥዕሉ ላይ ያስቀምጡት። እግርዎ 26.8 ሴንቲ ሜትር፣ ሶሌታው 27.4 ቢሆን የተረፈው 6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ለአስፋልት ምናልባት ይበቃ ይሆናል፣ ለረጅም ቁልቁለት ግን ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ያስፈልጋል። በአውሮፓ አቆጣጠር አንድ ቁጥር ሲጨምር ጫማው 6.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚረዝም በዚህ ልኬት 43 ልክዎ ይሆናል ማለት ነው።

ትንሿ ጣትዎ ግን ችግሯ ርዝመት ሳይሆን ስፋት ነው። ሥዕሉ ከሶሌታው ጎን ወጥቶ ከታየ ያ ሞዴል ለእርስዎ አልተሠራም። ስፋት ፍለጋ ሁለት ቁጥር ዘለው የሚገዙ አሉ። ያኔ ጫማው መታጠፍ ያለበት ቦታ ከጣትዎ መገጣጠሚያ ፊት ይሄዳል፣ ተረከዙም ይወልቃል፤ ውሃ መቋጠሩ ከጣት ወደ ተረከዝ ተዛወረ እንጂ አልዳነም። ሰፊ እግር ሰፊ ቅርጽ ይፈልጋል። ኒው ባላንስ አንዳንድ ሞዴሎቹን 2ኢ (ሰፊ) እና 4ኢ (በጣም ሰፊ) በሚል በተለያየ ስፋት ይሠራል። አልትራ ደግሞ የጫማውን ፊት የእግር ጣቶች በተፈጥሮ እንደሚዘረጉት አድርጎ ነው የሚሠራው። የአልትራ ተራራ ጫማዎች አብዛኞቹ ግን ተረከዛቸውና ፊታቸው እኩል ከፍታ ነው። ከ10 ሚሊ ሜትር የከፍታ ልዩነት ወደ ዜሮ በአንድ ቀን መውረድ ባትንና የተረከዝ ጅማትን ያሳምማል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በሳምንት አንዴ ሁለት ኪሎ ሜትር ይሩጡበት፣ ከዚያ ቀስ እያሉ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይልመዱት።

አሁን ወደ ማሰሪያው። ከላይ፣ ከሌሎቹ ትንሽ ወደ ኋላ ገባ ብላ የተበሳች ትርፍ ቀዳዳ አለች። ብዙ ሰው ለጌጥ ትመስለዋለች። ክሩን በዚያው በኩል ካለችው ከታችኛዋ ቀዳዳ አውጥተው ወደ ትርፏ ያስገቡትና ትንሽ ቀለበት ይተዉ፤ በሌላኛውም በኩል እንዲሁ። ከዚያ የግራውን ጫፍ በቀኙ ቀለበት፣ የቀኙን በግራው አሳልፈው ወደ ኋላና ወደ ታች ይሳቡ። ከማሰርዎ በፊት ተረከዝዎን መሬት ላይ መታ መታ አድርገው ከጫማው ኋላ ጋር ያጋጥሙት። ቁርጭምጭሚቱ አካባቢ ጥብቅ፣ ጣቶቹ አካባቢ ላላ ያለ ይሁን። ለሰፊ እግር ደግሞ የታችኞቹን ሁለት ቀዳዳዎች ባዶ መተው ፊቱን ያሰፋዋል። ሱቅ ውስጥ የሚሮጡበትን ካልሲ አድርገው፣ እንዲህ አስረው፣ ደረጃ ይውረዱበት። ጣትዎ ከፊት ከነካ ማሰሪያውን ያስተካክሉ፤ ደግሞም ከነካ ጫማውን ይመልሱት።

ጠፍጣፋ እግርን በተመለከተ ሻጩ የነገረዎት የድሮ ትምህርት ነው። በአሜሪካ የምድር ጦር፣ የአየር ኃይልና የማሪን ምልምሎች ላይ ለአንዱ ቡድን በውስጥ እግሩ ቅርጽ ጫማ ተመርጦለት፣ ለሌላው ሳይለይ አንድ ዓይነት ተሰጥቶ ጥናት ተደርጎ ነበር፤ በጉዳት ብዛት ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ከልጅነት ጀምሮ ጠፍጣፋ ሆኖ የማያም እግር በሽታ አይደለም። አንዱ እግር ብቻ በቅርቡ እየተደፋ ከሄደና ከቁርጭምጭሚቱ ውስጠኛ ጎን ካመመ ግን ጅማቱ መታየት አለበት።

ሶሉ የሚመረጠው በመሬቱ ነው። እንጦጦ በበጋ ደረቅ አፈር፣ ከላዩ አቧራና ኮረት ነው፤ ከሁሉ የሚከፋው ግን የባሕር ዛፉ ፍሬ ነው፣ ቁልቁለት ላይ ከእግር ሥር እንደ ብይ ይንከባለላል። ለዚህ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ጥርስ ያለው፣ ጥርሱም ወደ ኋላና ወደ ፊት የተቀረጸ ሶል ይበቃል። ሹል ድንጋይ የሚበዛበት መንገድ ከሆነ በሶሉ መሐል ስስ ጠንካራ ሰሌዳ የገባበትን ይፈልጉ። ክረምት ላይ ቀይ ጭቃው ጥርሱ መሐል ይሞላና ጫማው ሊስትሮ እንደጠረበው ልሙጥ ይሆናል፣ ክብደቱም ለብቻ ነው። ያኔ የሚረዳው የጥርሱ ርዝመት ብቻ ሳይሆን የመሐሉ ክፍተት ነው፤ 5 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ፣ ተራርቆ የተተከለ። የሳሎሞን ስፒድክሮስ ዓይነቱ ለዚህ የተሠራ ነው። የሱሉልታ ሜዳ መረሬው ሲረጥብም እንዲሁ። እንዲህ ያለው ጥርስ አስፋልት ላይ ቶሎ ያልቃል፣ ሲታጠፍም እርምጃዎን ያወላግዳል፤ ስለዚህ የሦስቱን ቀን ሩጫ በአስፋልት ጫማዎ ይቀጥሉ። ለእርጥብ ድንጋይ የጥርስ ርዝመት አይጠቅምም፣ ለስለስ ያለ ጎማ ነው የሚይዘው።

ሶሉ በጣም ወፍራም የሆነ ጫማ ጉልበት ላይ ምቹ ይመስላል፤ ጎርባጣ መሬት ላይ ግን ከፍታው ራሱ ቁርጭምጭሚትን ለወለምታ ያጋልጣል። ወለምታ የደጋገመዎት ከሆነ ዝቅ ያለውን ይምረጡ። ውሃ አያስገባም የሚባለው ጨርቅም ውሃ በአፉ ከገባበት መልሶ አያስወጣም፤ ለክረምት ሩጫ ቶሎ የሚደርቀውን ስስ ጨርቅ እመርጣለሁ።

ሰልባጅ ከሆነ ሊገዙ ያሰቡት፣ ጎማውን ብቻ አይዩ። የመሐሉን ስፖንጅ በአውራ ጣትዎ ይጫኑት፤ ወደ ውስጥ ካልገባ ወይም ጎኑ ላይ ተጨማድዶ ከቀረ ሞቷል። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ከኋላ ሲያዩት ወደ አንድ ጎን ካዘመመ የሌላ ሰው እግር ቀርጾታል። አዲሱም ቢሆን ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ነው ዕድሜው፤ በማስቲሽ የተለጠፈ ሶል ይህን አያራዝመውም።

ስኳር ካለብዎት ወይም እግርዎ የመደንዘዝ ባሕርይ ካለው የጫማን ልክ በስሜት አይምረጡ፣ ልኬቱን ብቻ ይመኑ፤ ከሩጫ በኋላም እግርዎን በዓይንዎ ይመርምሩ።

ስለ ጠቆረው ጥፍር፦ ካላመመዎት አይነካካ። በመጀመሪያው አንድ ሁለት ቀን እየጠዘጠዘ እንቅልፍ ከነሳዎት ጤና ተቋም ሄደው ደሙ በንጹሕ መሣሪያ ይውጣ፤ ቤት ውስጥ በእሳት የጋለ መርፌ አይሞክሩ። የእግር ጥፍር በወር 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው የሚያድገው፣ አውራ ጣት ሙሉ በሙሉ ለመተካት ከ12 እስከ 18 ወር ይፈጃል። ዛሬ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት፣ በየወሩ ይድገሙት። ደም ከሆነ ጥቁረቱ ከጥፍሩ ጋር ወደ ፊት እየሄደ ከሥሩ ንጹሕ ጥፍር ይታያል። ቦብ ማርሌይ በ1977 በአውራ ጣቱ ጥፍር ሥር የተገኘበት ሜላኖማ የሚባል የቆዳ ካንሰር መጀመሪያ የእግር ኳስ ጉዳት መስሎ ነበር፤ በ1981 ሞተ። በጥቁር ሰዎች ጥፍር ላይ ቀጭን ቡናማ መስመር መኖሩ የተለመደ ነው፣ አያስደነግጥዎ። ነገር ግን የጠቆረው ቦታ በሁለት ሦስት ወር ውስጥ ካልተንቀሳቀሰ፣ አንድ ጥፍር ላይ ብቻ እየሰፋ ከሄደ ወይም ጥቁረቱ ወደ ጥፍሩ ግርጌ ቆዳ ከተሻገረ የቆዳ ሐኪም ይየው።