አዲስ መኪና በሊዝ ወይስ በግዢ? አስቀድማችሁ ዘመኑን ቁጠሩ

ይድረስ አዲስ መኪና ለመያዝ ለምታስቡ ወጣቶች፣

በሒሳብና በብድር ሥራ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሳገለግል፣ ከጠረጴዛዬ ፊት የተቀመጡ ወጣቶች አብዛኞቹ የጠየቁኝ «በወር ስንት ይደርስብኛል?» ብለው ነበር። ሊዝ ማለት መኪናውን በውል ለተወሰኑ ዓመታት ተከራይቶ፣ ጊዜው ሲያልቅ ለአከራዩ መመለስ ነው፤ ወርኃዊ ክፍያው ከብድሩ ስለሚያንስም ርካሽ ሆኖ ይታያቸዋል። እኔ ደግሞ «መኪናውን ስንት ዓመት ልትይዘው አስበሃል?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ ይህ ሳይመለስ የወሩ ክፍያ ብቻውን ምንም አይነግረንምና።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። የመኪናው ዋጋ 100 ነው እንበል፤ ከ36 ወራት በኋላ ደግሞ 60 ያወጣል ተብሎ ተገምቷል። በሊዝ የሚወስድ ሰው የሚከፍለው በእርጅና የሚቀነሰውን 40 እና ወለዱን ነው። ወለዱ በዓመት 6 በመቶ ቢሆን የወሩ ክፍያ 1.51 ገደማ ይመጣል። (በአንዳንድ የሊዝ ውሎች ወለዱ በመቶኛ አይጻፍም፤ 0.0025 የሚል ትንሽ ቁጥር ካያችሁ በ2,400 አባዙት፣ 6 በመቶ ይሆናል።) ያንኑ መኪና በዚያው ወለድ በ60 ወራት ብድር የሚገዛ ሰው ግን በወር 1.93 ይከፍላል። ብዙ ወጣት እዚህ ላይ ቆሞ ይፈርማል።

እስቲ ጥቂት እንቀጥል። በ36ኛው ወር በሊዝ የወሰደው 54 ገደማ ከፍሎ ቁልፉን ይመልሳል። የገዛው 70 ገደማ ከፍሏል፤ ዕዳው ወደ 44 ወርዷል። መኪናውን በተገመተው 60 ቢሸጠው ዕዳውን ዘግቶ 16 ስለሚተርፈው፣ የተጣራ ወጪው ያው 53 ወይም 54 ነው። ለሦስት ዓመት ብቻ ለሚይዝ ሰው ሁለቱ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ልዩነቱ የሚወለደው ከዚያ ወዲያ ነው፤ ገዢው ብድሩን ጨርሶ ስድስተኛውን፣ ሰባተኛውንና ስምንተኛውን ዓመት የጥገና ወጪውን ብቻ እየቻለ ሲነዳ፣ ሊዝ በሊዝ ላይ የሚተካው ሰው መኪና ዋጋው ቶሎ የሚወርድባቸውን የመጀመሪያ ዓመታት ደጋግሞ ይከፍላል። ስለዚህ መኪና ይዞ መቆየት የሚወድ ሰው ቢገዛ ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ።

ሊዝን ግን አላጣጥልም። የተገመተው 60 ወርዶ 50 ቢሆን፣ መኪናውን የመመለስ መብት በውሉ እስካለ ድረስ ኪሳራው የአከራዩ ነው። ቴክኖሎጂው በፍጥነት በሚለዋወጠው የኤሌክትሪክ መኪና ላይ ይህ ጥበቃ ቀላል አይደለም። ሆኖም በሊዝ ላይ ከፍተኛ ቅድሚያ ክፍያ አትክፈሉ፤ መኪናው በማግስቱ ተጋጭቶ ከጥቅም ውጪ ቢሆን ኢንሹራንሱ የሚከፍለው ብዙውን ጊዜ ለባለቤቱ ለአከራዩ ስለሆነ፣ ያ ገንዘብ ላይመለስላችሁ ይችላል። ውል ከጊዜው በፊት ማፍረስም ብዙ ያስከፍላል፤ ሥራው ወይም መኖሪያው ያልረጋ ሰው ይህን አንቀጽ ሁለት ጊዜ ያንብበው።

እኔ ራሴ የተጎዳሁት በኪሎ ሜትሩ ነው። ውሌ በዓመት 16,000 ኪሎ ሜትር ይፈቅድ ነበር። ከቤቴ እስከ ሥራ ቦታዬ ደርሶ መልስ 60 ኪሎ ሜትር፣ በወር 22 የሥራ ቀን፣ በዓመት 15,840፤ ይበቃኛል ብዬ ፈረምኩ። በየእሑዱ እናቴን ለመጠየቅ የምነዳውን መንገድ ግን አልቆጠርኩም። መኪናውን በመለስኩበት ቀን ተቆጣጣሪው አጎንብሶ ትንሽ መለኪያ በጎማው ጥርስ መካከል ከተተ፣ በበሩ ላይ ያለውን ጭረት በጣቱ ዳሰሰ፣ ሁለቱንም አለፋቸው። ከዚያ ቆጣሪውን አነበበና መጻፍ ጀመረ። ከተፈቀደው በላይ ለነዳሁት ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ከፈልኩ፤ የሦስት ዓመት እሑዶች በአንድ ደረሰኝ ላይ መጡ።

እናንተ ከመፈረማችሁ በፊት የሥራውንም፣ የዘመድ ጥየቃውንም፣ የዕረፍቱንም ጉዞ ደምሩ። ድምሩ ከገደቡ ካለፈ ገደቡ ከፍ እንዲል ያኔውኑ ጠይቁ፤ ተጨማሪ ኪሎ ሜትር አስቀድሞ በውሉ ሲገባ፣ በመመለሻው ቀን ከሚጠየቀው ቅጣት አብዛኛውን ጊዜ ይረክሳል።