መልስ፦ አስጠኚውን ልቀይረው ወይ?
እህቴ አስጠኚ ከቀጠርኩለት 3 ወር ሆነ የ9ኛ ክፍል ልጄ ግን ሒሳብ ላይ ያው ነው ልቀይረው ወይ ላልሽው፣ ኧረ ትንሽ ቆዪ። እኔም ካምፓስ እያለሁ ቤት ለቤት አስጠና ነበር፣ ብዙ ጊዜ ችግሩ ከታች ክፍል የመጣ ነው። እስቲ ዛሬ ማታ 1/2 ሲደመር 1/3 ስንት ነው በዪው፣ 2/5 ካለሽ (መልሱ 5/6 ነው) በቃ ኢኩዌሽን ምናምኑን ትተው ከክፍልፋይ ይጀምሩ። ደሞ እንግሊዝኛው አለ፣ ስሌቱን እየቻለ ጥያቄው ምን እንደሚል ሳይገባው የሚስት ስንት ልጅ አለ መሰለሽ፣ ዎርድ ፕሮብሌም (በዓረፍተ ነገር የተጻፈ ጥያቄ) ሲሆን ልጁ መጀመሪያ ጥያቄውን በአማርኛ ለአስጠኚው ይንገረው ከዛ ይስራ። ሆምወርኩን አስጠኚው ራሱ እየሰራለት ከሆነ ግን፣ ደብተሩ ሁሉ ራይት ፈተና ላይ ዜሮ ማለት ነው፣ ያኔ ዛሬ ነገ ሳትዪ ቀይሪው። በሳምንት 2 ቀን ይበቃዋል፣ እሁድን ተዪለት ኳሱን ይጫወት።