መብራት ሲጠፋ ሰዓቱ የሚዛባ ኮምፒውተር

ጥያቄ፦ ኡቡንቱ (እንደ ዊንዶውስ ያለ የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና) የጫንኩበት የቆየ ዴስክቶፕ አለኝ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ድረ ገጾችም አልከፈት ይላሉ። አንዳንዴ ጭራሽ ከሃርድ ዲስኩ አይነሳም። ዊንዶውስ ልጫንበት? (ከአዳማ)

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! ጥፋቱ የኡቡንቱ አይደለም፤ ዊንዶውስ ቢጭኑም ያው ነው። ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ሳንቲም የምታክል ክብ ባትሪ አለች፣ አብዛኛውን ጊዜ ሲአር2032 የምትባለዋ፣ 3 ቮልት። ኮምፒውተሩ ሶኬት ላይ ሆኖ መብራት እስካለ ድረስ ድካሟ አይታወቅም፤ መብራት ሲጠፋ ግን ሰዓቱን የምታስኬደው እሷ ብቻ ናት። እሷ ስታልቅ የባዮሱ (ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም) ሴቲንግም ሊጠፋ ይችላል፣ ሃርድ ዲስኩን የሚስተውም ለዚህ ነው። ድረ ገጾቹ ደግሞ የደህንነት ሰርተፊኬታቸው በተሳሳተው ቀን ሲታይ ገና ሥራ ያልጀመረ ስለሚመስል ነው እምቢ የሚሉት።

ሶኬቱን ነቅለው ባትሪዋን የያዘችውን ቀጭን ብረት በጥፍርዎ ገፋ ያድርጉ፣ ብድግ ትላለች። አዲሷን የመደመር ምልክቱ ወደ ላይ ሆኖ ያስገቡ። ከዚያ ባዮስ ገብተው ቀኑን ያስተካክሉ፣ ኮምፒውተሩ በሚነሳባቸው ዝርዝር ውስጥም ሃርድ ዲስኩን መጀመሪያ ላይ ያድርጉት። በኋላ ባዮሱ ውስጥ ሰዓቱ በ3 ሰዓት ዘግይቶ ቢያዩት አይደንግጡ፤ ኡቡንቱ እዚያ የሚያስቀምጠው የግሪንዊች ሰዓት ነው፣ ስክሪኑ ላይ ራሱ ያስተካክለዋል።